ከጋንዳራ እስከ ደብረ ሊባኖስ፦ ስሙ የተለወጠው ልዑልና ዘመን ቆጣሪው ካርቦን

ከሸጎሌ ተነሥቶ የጎጃምን መንገድ በመያዝ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከደብረ ሊባኖስ ገዳም ይደርሳል። የዚህ ገዳም እጨጌ የነበሩትና ትውልዳቸው ከዐረብ አገር የሆነው አባ እንባቆም በ1553 ዓ.ም. አንድ መጽሐፍ ለዐፄ ገላውዴዎስ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተረጐሙ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጽሐፉ ስም «በረላምና ይዋስፍ» ይባላል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በህንድ አገር ለአንድ ኃያል ንጉሥ ወንድ ልጅ ይወለዳል። ኮከብ ቆጣሪዎችም ልጁ ዙፋኑን ትቶ መናኝ እንደሚሆን ይተነብያሉ። ንጉሡ ይህን በመፍራት ልጁ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን ሳያይ እንዲያድግ በቤተ መንግሥት ያኖረዋል። ይሁን እንጂ ልዑሉ አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛ፣ ዕውርና አቅመ ደካማ ሽማግሌ ያያል። ከዚያ በኋላ የተድላው ኑሮ አላስደስተው ይላል። በረላም የተባለ ባሕታዊ የከበረ ዕንቁ የሚሸጥ ነጋዴ መስሎ ይመጣና ልዑሉን ያስተምረዋል፤ በመጨረሻም ይዋስፍ መንግሥቱን ትቶ ይመንናል።

የእስያን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ልዑል ወዲያው ሳይጠረጥረው አይቀርም። በ1859 እና በ1860 ዓ.ም. ላቡሌ የተባሉ ፈረንሳዊና ሊብሬክት የተባሉ ጀርመናዊ ምሁር ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን በማስተያየት፣ የይዋስፍ የሕይወት ታሪክ መነሻው የቡድሃ የሕይወት ታሪክ መሆኑን በጽሑፍ አስታወቁ። በአሁኑ ጊዜ ይህ በምሁራን ዘንድ ተቀባይነት ያለው ሐቅ ነው። ለመሆኑ የአንድ የህንድ መስፍን ታሪክ ተራራውን፣ በረሃውንና ባሕሩን ተሻግሮ ከግዕዝ መጽሐፍ ላይ እንዴት ሊደርስ ቻለ? ይህንስ በምን ማረጋገጥ ይቻላል? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመርመር ነው። ሁለተኛው ጥያቄ እኛን የፊዚክስ ሰዎችንም በቀጥታ ይመለከታል።

መስቀለኛው መንገድ

ጋንዳራ በዛሬው ሰሜን ምዕራብ ፓኪስታንና ምሥራቅ አፍጋኒስታን የነበረ ጥንታዊ አገር ነው። ማዕከሉ የፔሻዋር ሜዳ ሲሆን፣ የስዋት ሸለቆና የታክሲላ ከተማም በዙሪያው ይገኛሉ። ከህንድ ወደ መካከለኛው እስያ የሚወጣውና ከፋርስ ወደ ህንድ የሚወርደው መንገድ የሚገናኘው በዚህ ስፍራ ነው። የሸጎሌን የከብት ገበያ ያየ ሰው ነጋዴ የሚያመጣው ከብቱን ብቻ አለመሆኑን ያውቃል፤ የአገሩን ወሬ፣ አነጋገሩንና ተረቱንም ይዞ ይመጣል። ጋንዳራም ለብዙ መቶ ዓመታት እንዲህ ያለ ገበያ ነበር ማለት ይቻላል።

የፋርስ ነገሥታት ጋንዳራን በገዙበት ዘመን የአራማይክ ጽሕፈት በአካባቢው ተሠራጨ። በ327 ዓመተ ዓለም ገደማ ታላቁ እስክንድር ከሠራዊቱ ጋር ደረሰ፤ ግሪኮችም ከእርሱ በኋላ በአካባቢው ቀሩ። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የህንዱ ንጉሥ አሾካ የቡድሃን እምነት በመደገፍ ሥነ ምግባራዊ ዐዋጆቹን በዐለት ላይ አስቀረጸ። ከእነዚህ መካከል በጋንዳራ የሚገኙት የተጻፉት ኻሮሽቲ በተባለ ፊደል ሲሆን፣ በካንዳሃር የተገኘው ደግሞ በግሪክኛና በአራማይክ ነው።

ይህ የኻሮሽቲ ፊደል ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ልዩ ትኩረት የሚስብ ባሕርይ አለው። ከአራማይክ የመነጨና ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ሲሆን፣ መሠረታዊው ፊደል ራሱ አናባቢ አዝሎ ይነበባል። ሌሎቹ አናባቢዎች የሚታወቁት በፊደሉ ላይ በምትጨመር ትንሽ ጭረት ነው። የእኛ ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ የሚሄደው ሥርዓትም በመርሕ ደረጃ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በግዕዝ ጽሕፈት የአናባቢ ምልክቶች በግልጽ የታዩት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዒዛና ጊዜ በመሆኑ፣ አንዳንድ ሊቃውንት ሐሳቡ በባሕር ንግድ ከህንድ የመጣ ሊሆን ይችላል የሚል መላ ምት አቅርበዋል። ይህ ግን እስከ ዛሬ መላ ምት ነው እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።

በሥነ ጥበብ ረገድ ጋንዳራ ያስገኘችው ለውጥ እጅግ ከፍተኛ ነው። ቀደም ባሉት የህንድ ቅርጾች ቡድሃ በሰው መልክ አይቀረጽም ነበር፤ የእግሩ ዱካ፣ ባዶ ዙፋን፣ መንኰራኵር ወይም ዛፍ ብቻ መኖሩን ያመለክት ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በጋንዳራና በህንዷ ማቱራ በሰው መልክ መታየት ጀመረ። የጋንዳራ ጠራቢዎች በግራጫ የሺስት ድንጋይ ላይ ሲቀርጹት ጸጉሩን እንደ ግሪክ ሐውልት የተወዛወዘ፣ ኩታውንም በእጥፋት የተደራረበ አደረጉት። የሕይወቱንም ታሪክ ከልደት እስከ ዕረፍት በተርታ ቀረጹ። ልዑሉ በሌሊት ከቤተ መንግሥት ሲወጣ የሚያሳየው ቅርጽ በተለይ የሚደነቅ ነው፤ የፈረሱ ኮቴ ድምፅ ሰው እንዳይቀሰቅስ መናፍስት ኮቴዎቹን በእጃቸው ደግፈው ይዘዋል። የአባ እንባቆም ይዋስፍ ከቤተ መንግሥት የወጣበት ታሪክ ሥሩ ይኸው ነው።

የጋንዳራ መጻሕፍትም ከቅርጾቹ ያነሰ ዋጋ የላቸውም። በ1994 ዓ.ም. የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በሸክላ ገንቦ ውስጥ ተቀምጠው የኖሩ 29 የጥቅልል ቁርጥራጮችን አገኘ። የተጻፉት በጋንዳሪ ቋንቋና በኻሮሽቲ ፊደል ሲሆን፣ ገጻቸው ብራና ሳይሆን በርች የተባለው ዛፍ ቅርፊት ነው። እነዚህና ከእነርሱ በኋላ የተገኙት መሰሎቻቸው እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የቡድሃ እምነት መጻሕፍት ሁሉ የቀደሙ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ «የአውራሪስ ሱትራ» ይባላል፤ እንደ አንድ ቀንድ አውራሪስ ብቻውን የሚኖረውን መናኝ ያወድሳል። የባሕታውያንን ገድል ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም።

መርከብና ወርቅ

ጋንዳራ ከባሕር የራቀ ደጋ አገር ነው። ነገር ግን ሸቀጡ በህንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ወደምትገኘው ባሪጋዛ ወደብ ይወርድ ነበር። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» የተባለው መመሪያ አዱሊስንና የዝሆን ጥርስ ንግዷን ይገልጻል፤ ከህንድ ወደ አዱሊስ ብረትና የጥጥ ጨርቅ እንደሚመጣም ይናገራል። ይኸው መጽሐፍ ከባሪጋዛ በስተሰሜን ያሉትን የጋንዳራ ሰዎች ይጠቅሳል። ስለዚህ ከ1900 ዓመታት በፊት አንድ መርከበኛ ስለ አዱሊስና ስለ ጋንዳራ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሊያነብ ይችል ነበር።

ይህ የጽሑፍ ምስክርነት ብቻ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳም ከ100 በላይ የሚሆኑ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ጥናቱን ያሳተሙት ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ሞርዲኒ ናቸው። ሳንቲሞቹ የአክሱም አልነበሩም፤ የሮምም አልነበሩም። ጋንዳራን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት፣ ማለትም የቪማ ካድፊሴስ፣ የካኒሽካ፣ የሁቪሽካና የቫሱዴቫ ሳንቲሞች ነበሩ። በ127 ዓ.ም. ገደማ የነገሠው ካኒሽካ በአንዳንድ የወርቅ ሳንቲሞቹ ላይ የቡድሃን ምስል አስቀርጾ፣ በግሪክ ፊደል «ቦድዶ» ብሎ ስሙን ያስጻፈ ንጉሥ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ሌሎች ማስረጃዎችም በመንገዱ ላይ ተበትነው ይገኛሉ። በሶቆጥራ ደሴት በሚገኘው የሆቅ ዋሻ ውስጥ የህንድ መርከበኞች ስማቸውን በብራህሚ ፊደል ጽፈዋል። በዚያው ዋሻ የአክሱም ሰዎች ጽሕፈትም አለ፤ በ258 ዓ.ም. የተጻፈ የፓልሚራ ነጋዴ የእንጨት ሰሌዳም ተገኝቷል። በ2022 ዓ.ም. ደግሞ በግብፅ የቀይ ባሕር ወደብ በነበረችው በረኒቄ፣ በኢሲስ ቤተ ጣዖት አደባባይ፣ ቁመቱ 71 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእብነ በረድ የቡድሃ ሐውልት ከመሬት ወጥቷል። አጥኚዎቹ ዘመኑን 2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ ያደርሱታል።

ከዚህ ተነሥተን በአክሱም የቡድሃ እምነት ይሰበክ ነበር ብንል ግን ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መናገር ይሆናል። ማስረጃው የሚለው አክሱምና ጋንዳራ በአንድ የንግድ መረብ ውስጥ ነበሩ ነው። መንገድ መኖሩ ተረት በዚያ መንገድ መጥቷል ለማለት አያበቃም። እንዲያውም የቡድሃ ታሪክ ወደ እኛ የደረሰው በዚህ ቀጥተኛ የመርከብ ጉዞ ሳይሆን፣ ረጅም ዙሪያ ጥምጥም በሆነ ሌላ መንገድ ነው።

አንዲት ነጥብ

ቡድሃ ከመሆኑ በፊት ልዑሉ የሚጠራበት የማዕረግ ስም «ቦዲሳትቫ» ነው። የማኒ እምነት ተከታዮች በመካከለኛው እስያ ይህን ስም ተቀብለው በቋንቋቸው «ቦዲሳፍ» አሉት። (ነቢያቸው ማኒ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዓለምን አራት ታላላቅ መንግሥታት ሲቈጥር ከፋርስና ከሮም ጋር አክሱምን ጠርቷል።) ከዚያም ታሪኩ በዐረብኛ ተጻፈ፤ ስሙም «ቡዳሳፍ» ሆነ።

እዚህ ላይ አንዲት ነጥብ የታሪኩን መልክ ለወጠች። በዐረብኛ ጽሕፈት በቃል መነሻ የሚገቡት የ«ባ» እና የ«ያ» ፊደላት ቅርጻቸው አንድ ነው። የሚለዩት ከሥራቸው ባለው ነጥብ ሲሆን፣ ለ«ባ» አንድ፣ ለ«ያ» ሁለት ነጥብ ይደረጋል። አንድ ገልባጭ ነጥብ ቢያበዛ «ቡዳሳፍ» የነበረው «ዩዳሳፍ» ይሆናል፤ የሆነውም ይኸው ነው። ጆርጂያውያን ክርስቲያኖች ታሪኩን ከዐረብኛ ሲተረጕሙ «ዮዳሳፍ» አሉት፤ የታሪኩንም ሃይማኖታዊ ይዘት ክርስቲያናዊ አደረጉት። በአቶስ ተራራ የኖረውና በ1028 ዓ.ም. ያረፈው ጆርጂያዊው መነኵሴ ኤውቲሚዮስ ወደ ግሪክኛ ሲመልሰው «ዮአሳፍ» ሆነ። በ1048 ዓ.ም. ወደ ላቲን ተተረጐመ። ከግሪክኛው ደግሞ ወደ ክርስቲያኖች ዐረብኛ ተመልሶ፣ ከዚያ በአባ እንባቆም ብርዕ «ይዋስፍ» ተባለ። በግዕዝ ፊደል «በ» እና «የ» ፈጽሞ የማይምታቱ በመሆናቸው ስሕተቱ በእኛ ዘንድ ሊፈጠር አይችልም ነበር፤ ወደ እኛ የደረሰው ከተፈጠረ በኋላ ነው።

ለሳይንስ ተማሪ ይህ ትልቅ ትምህርት አለው። ሥነ ሕይወት የሚያጠኑ ተማሪዎች ሁለት ፍጥረታት አንድ ዓይነት የዘር ለውጥ ቢጋሩ የጋራ ቅድመ አያት እንዳላቸው ይገምታሉ። በመጻሕፍትም ዘንድ እንዲሁ ነው። ትክክለኛውን ቃል ማንም በየራሱ ሊያገኘው ይችላል፤ ተመሳሳይ ስሕተትን ግን ብዙ ሰው በየፊናው ይሠራዋል ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ በስሙ መነሻ «የ» ድምፅ የሚገኝባቸው የጆርጂያ፣ የግሪክ፣ የላቲንና የግዕዝ ቅጂዎች ሁሉ ከአንድ የዐረብኛ ምንጭ መውረዳቸውን ያቺ ነጥብ ትመሰክራለች። የግዕዙን መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ትርጕም ጋር ባጅ የተባሉ ምሁር በ1923 ዓ.ም. አሳትመውታል።

በመጽሐፉ ውስጥ ባሕታዊው ለልዑሉ ከሚነግረው ምሳሌ አንዱ የሚከተለው ነው። አንድ ሰው ከአስፈሪ አውሬ ሲሸሽ ገደል ይገባና ከአንዲት ዛፍ ላይ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ የዛፊቱን ሥር ደግሞ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ ያለማቋረጥ ይከረክማሉ። ሰውየው ግን ከቅርንጫፍ የሚንጠባጠብ ማር አይቶ ሁሉንም ይረሳል። ነጩ አይጥ ቀን፣ ጥቁሩ ሌሊት ነው።

ካርቦን ምን ይመሰክራል?

መጻሕፍቱንም የሚከረክም የራሳቸው አይጥ አላቸው፤ ስሙም ካርቦን 14 ነው። ከሕዋ የሚመጣ ጨረር የላይኛውን አየር ሲመታ ኒውትሮኖች ይፈናጠራሉ። ኒውትሮኑ የናይትሮጅንን አስኳል ሲመታ ፕሮቶን ይወጣና ካርቦን 14 ይፈጠራል። ይህ ካርቦን በአየር ውስጥ ካለው ካርቦን ከአንድ ትሪሊዮን አቶሞች አንዱን ያህል ብቻ ነው። ዛፍ ከአየር ይወስደዋል፤ ፍየል ቅጠሉን በልታ ታገኘዋለች። ዛፉ ቅርፊቱን ሠርቶ ሲጨርስ ወይም ፍየሏ ስትታረድ አዲስ ካርቦን መግባቱ ይቆማል፤ የነበረው ግን እየፈረሰ ይሄዳል። በየ5730 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል።

ከዚህ በመነሣት ስሌቱን ማንም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። የቀረው መጠን፣ ግማሽ (½) በ«ዕድሜ ሲካፈል ለ5730» ኃይል ከፍ ሲል የሚገኘው ቍጥር ነው። የ1900 ዓመት ዕድሜ ያለው የበርች ቅርፊት ከመጀመሪያው ካርቦን 14 ውስጥ 79 ከመቶ ያህሉ ይቀረዋል። የ1500 ዓመት ብራና ደግሞ 83 ከመቶ ያህሉ አለው። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ በልኬት የመቶ አንድ ስሕተት ብንሠራ ውጤቱ በ83 ዓመት ያህል ይዛባል። ስለዚህ ዘዴው ከፍተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሊቢ የተባሉት አሜሪካዊ ኬሚስት በ1940ዎቹ መጨረሻ ዘዴውን ሲፈጥሩ (በ1960 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል) ናሙናው በግራም የሚለካ ነበር። ዛሬ በቅንጣት ማፍጠኛ መሣሪያ አቶሞቹን አንድ በአንድ በመቍጠር አንድ ሚሊ ግራም ካርቦን ይበቃል። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን 14 መጠን ከዘመን ዘመን ስለሚለያይም፣ ውጤቱ ከዛፎች ዓመታዊ ቀለበት ጋር እየተመሳከረ ይታረማል።

በዚህ ዘዴ ከጋንዳራ ጥቅልሎች መካከል «የሲኒየር ስብስብ» የተባለው ሲለካ ከ130 እስከ 250 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቀ። በእኛም አገር የአባ ገሪማ ወንጌሎች፣ ቀድሞ ብዙዎች ከ1000 ዓ.ም. በኋላ የተጻፉ ናቸው ይሏቸው የነበሩት፣ በኦክስፎርድ ተለክተው አንደኛው ከ390 እስከ 570፣ ሌላው ከ530 እስከ 660 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የተዘጋጀ ብራና መሆኑ ታውቋል። ከጋንዳራ በስተምዕራብ በባሚያን ሸለቆ ዐለት ላይ ተቀርጸው የነበሩትና በመጋቢት 2001 ዓ.ም. በፈንጂ የፈረሱት ሁለቱ ታላላቅ የቡድሃ ሐውልቶችም ዘመናቸው በትክክል የታወቀው ከፈረሱ በኋላ ነው። በጭቃ ልስናቸው ውስጥ የነበረው ጭድ ተለክቶ ትንሹ ከ544 እስከ 595፣ ትልቁ ከ591 እስከ 644 ዓ.ም. መሠራቱን አሳይቷል።

ካርቦን የማይመልሰው ጥያቄ

ሆኖም ካርቦን የሚናገረው ፍየሏ የታረደችበትን ዘመን እንጂ ጸሓፊው ብርዕ ያነሣበትን ቀን አይደለም። ወርቅና ድንጋይም ካርቦኑን ከአየር ስላላገኙት በዚህ ዘዴ አይለኩም። ከሁሉ በላይ ግን ካርቦን ፈጽሞ የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከየት?» የሚለው ነው።

የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ጥቅልሎች የመጡት በቅርስ ገበያ በኩል ነው። ምናልባት ከምሥራቅ አፍጋኒስታን ይሆናሉ ይባላል እንጂ የወጡበት ገዳም ፍርስራሽ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ከገንቦዎቹ ጎን ምን ነበረ? የተቀበሩት በየትኛው የአፈር ንብርብር ነው? ቆፋሪው ገንቦውን ባነሣበት ሰዓት መልሱ ጠፍቷል። የደብረ ዳሞ ወርቅም የተገኘው በሥርዓት በተካሄደ ቁፋሮ አይደለም። ከተጠቀሱት ነገሥታት የመጨረሻው በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ሲሆን፣ ገዳሙ በትውፊት የሚታወቀው ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ ነው። ታዲያ ወርቁ ከገዳሙ በፊት በንግድ መጥቶ ነበር? ወይስ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ቆይቶ በኋላ ተወሰደ? በሥሩ የነበረው አፈር ሳይነካ ቢጠና ኖሮ መልስ ይገኝ ነበር። በአንጻሩ የበረኒቄው ሐውልት ከነአፈሩ፣ ከነሕንፃው ስለተገኘ፣ አንድ ሐውልት ብቻውን ስለ አንድ የወደብ ከተማ ብዙ ሊያስረዳን ችሏል።

በፊዚክስ ትምህርት አሃዱ ያልተጻፈለት ቍጥር ዋጋ እንደሌለው ለተማሪዎቻችን ዘወትር እንነግራለን። «5» ብሎ መልስ የሰጠ ተማሪ ሜትር ይሁን ሴኮንድ ካልነገረን ማረም አንችልም። ቦታው ያልተመዘገበ ቅርስም እንዲሁ ነው፤ ዘመኑን በቤተ ሙከራ ልናገኝለት እንችላለን፤ የጠፋውን ቦታ ግን የትኛውም መሣሪያ አይመልስልንም።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከ2020 እስከ 2022 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት ተጎድተዋል፤ የተዘረፉ የብራና መጻሕፍትም በውጭ አገር ገበያ ለሽያጭ መቅረባቸው ተዘግቧል። ከገዳሙ የወጣ ብራና ገዢ ቢያገኝ እንኳ የኅዳግ ማስታወሻው ስለየትኛው መሬት፣ ስለየትኛው አለቃ እንደሚናገር ለማወቅ የሚቻለው የነበረበት መደርደሪያ ሲታወቅ ነው። የጋንዳራ ሊቃውንት ዛሬ በቁርጥራጭ የሚደክሙበት ችግር ነገ የእኛ እንዳይሆን ያሰጋል።

ስለሆነም በእርሻ መካከል ሳንቲም፣ በዋሻ ውስጥ ጽሕፈት፣ በአሮጌ ቤት ብራና ያጋጠመው ተማሪ ሊያደርገው የሚገባው ቀላል ነው። አያጥበው፤ አያንሣው። በነበረበት ሁኔታ ፎቶግራፍ ያንሣው፤ ቦታውን በስልኩ ካርታ ላይ ይመዝግብ፤ ቀኑን ይጻፍ። ከዚያም በአቅራቢያው ለሚገኘው የባህል ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያስታውቅ። ብራና ከሆነ ደግሞ ለካርቦን ልኬት የሚሆነው ናሙና በባለሙያ እጅ ብቻ መወሰድ አለበት፤ በእጅ ላይ ያለ ቅባት እንኳ የዘመኑን ካርቦን ጨምሮ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላልና።

የይዋስፍ ታሪክ ከህንድ ተነሥቶ ደብረ ሊባኖስ እስኪደርስ ያለፈበትን መንገድ ልንከተለው የቻልነው በየደረጃው አንድ ሰው ስለጻፈ፣ ሌላው ስለጠበቀ፣ ሦስተኛውም የት እንዳገኘው በትክክል ስለተናገረ ነው። መጻፉን አባቶቻችን ፈጽመውታል። መጠበቁና የት እንደተገኘ መመዝገቡ ግን የዚህ ትውልድ ድርሻ ነው፤ ለዚህም የቋንቋው ተማሪና የፊዚክሱ ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይኖርባቸዋል።